የተያዘው ዓሣ ስለ ውኃው ምን ይነግረናል? ከቻርተር ጀልባ ፎቶ እስከ ሎጎ ሐይቅ ቆሮሶ

አሜሪካ ዘመድ ያለው የደሴ ሰው ይህን ዓይነት ፎቶ ሳያይ አይቀርም። ፍሎሪዳ ወይ ቴክሳስ ላይ አንድ የኪራይ (ቻርተር) ጀልባ ከባሕር ይመለሳል። ካፒቴኑ የተያዙትን ዓሣዎች ጣውላ ላይ ይደረድራል፤ ትልቁን መሃል ያደርጋል። ከፍለው አብረውት የወጡት ሰዎች ከኋላ ቆመው ይስቃሉ። ከሥሩ አጭር ጽሑፍ አለ፤ ምን እንደተያዘ፣ ስንት እንደተያዘ፣ ለቀጣዩ ቅዳሜ ቦታ መኖሩ። ፎቶው ከስልክ ስልክ ይዞራል፤ እኛም ጋ ይደርሳል።

እነዚህን ዘገባዎች በቁም ነገር እከታተላለሁ። ባሕር ስለናፈቀኝ አይደለም። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ዓሣ የሚሰገርበት የራሳችን ውኃ፣ ሎጎ ሐይቅ፣ አለ። ከዚያ በየቀኑ ስለሚወጣው ዓሣ ግን የዚህን ያህል እንኳ ጽሑፍ አናገኝም። የቻርተሩ ካፒቴኖች ለገበያ ብለውም ቢሆን ይጽፋሉ። ጥያቄው የሚጽፉት ነገር ስለ ውኃው እውነቱን ይናገራል ወይ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ አይናገርም። የዓሣው መጠን፣ የወሰደው ሰዓትና የተሄደበት ርቀት ግን ይናገራሉ። ለሎጎ ሐይቅም የጎደለው ይኸው ነው።

መጀመሪያ ስለ ጉዞዎቹ። የቻርተር ጉዞ በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የዳር ጉዞ ነው። ትንሽ ጀልባ፣ ጥልቀት የሌለው ውኃ፣ ወንዝ ከባሕር የሚገናኝበት አፍ፣ ሣርና ጭቃ ያለበት ዳርቻ። እዚያ የሚያዘው ሬድፊሽ፣ ነጠብጣባሙ የባሕር ትራውት፣ ፍላውንደርና ስኑክ ነው። ሁለተኛው የጥልቅ ባሕር ጉዞ ነው። ጀልባው ትልቅ ነው፤ ሞተሩም ጉልበታም። ለሰዓታት ተጉዞ ሬድ ስናፐር፣ ግሩፐር፣ ማሂማሂ ወይም ቱና ይፈለጋል። ሕጉም በርቀት ይለያያል። ፍሎሪዳን ብንወስድ፣ በምሥራቅ በኩል እስከ 3 የባሕር ማይል፣ በምዕራብ በኩል ደግሞ እስከ 9 የባሕር ማይል ድረስ ያለው ውኃ የክፍለ ግዛቱ ነው። 9 የባሕር ማይል 16 ኪሎ ሜትር ተኩል ይሆናል። ከዚያ ወዲያ እስከ 200 የባሕር ማይል የፌዴራል መንግሥቱ ነው።

አሁን ወደ ፎቶው እንመለስ። ብዙዎቹ ትንንሽ የቻርተር ጀልባዎች በአንድ ጉዞ ከ6 በላይ መንገደኛ መጫን አይፈቀድላቸውም። በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የፌዴራል ውኃ ላይ የሬድ ስናፐር የቀን ኮታ ለአንድ ሰው 2 ነው። ከ16 ኢንች፣ ማለትም ከ40 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ከፍ ከሚል ርዝመት በታች ያለ ዓሣ መያዝ አይቻልም። ካፒቴኑና ረዳቱ በቻርተር ጉዞ ላይ የራሳቸውን ኮታ ማስቀረት አይፈቀድላቸውም። ስለዚህ 6 መንገደኛ የጫነ ጀልባ ቢሳካለት 12 ስናፐር ይዞ ይመጣል። ዛሬም 12፣ ነገም 12፣ የዛሬ ዓመትም 12።

ፎቶው ከዓመት ዓመት አይለወጥም። በሁለቱ ፎቶዎች መካከል ግን ብዙ ነገር ተለውጦ ሊሆን ይችላል። ድሮ 12ቱን ለመያዝ አንድ ሰዓት ይበቃ ነበር እንበል፤ ዛሬ አምስት ሰዓት ፈጅቶ ይሆናል። ድሮ ከዳር ብዙ ሳይርቅ ያገኘውን ዛሬ እጥፍ ርቀት ሄዶ፣ እጥፍ ነዳጅ አቃጥሎ ያመጣው ይሆናል። ካፒቴን ባዶ እጁን መመለስ አይፈልግም። እንጀራው ነው። ጂፒኤስ አለው። በድምፅ ሞገድ የባሕሩን ወለልና የዓሣውን መንጋ የሚያሳይ መሣሪያ አለው። አንዱ ቦታ ሲነጥፍ ወደ ሌላው ይሄዳል። ዓሣው እያለቀ የሚያዘው ቁጥር ግን ለረጅም ጊዜ ባለበት ሊቆይ ይችላል። ዛሬ ሞሰቡ ላይ ያለው እንጀራ ጎተራው ውስጥ ስንት እህል እንደቀረ አይናገርም።

ፎቶ ራሱ ግን ሙሉ በሙሉ ከንቱ ማስረጃ አይደለም። ለዚህ ከማውቃቸው ጥናቶች ሁሉ የሚመስጠኝ ሎረን ማክሌናካን የምትባል ተመራማሪ የሠራችው ነው። ኪ ዌስት በምትባለው የፍሎሪዳ ደሴት የቻርተር ጀልባዎች ከጉዞ ሲመለሱ ዓሣቸውን ሰሌዳ ላይ ሰቅለው ፎቶ ይነሱ ነበር። እሷ ከ1956 እስከ 2007 እ.ኤ.አ. የተነሱትን እነዚህን ፎቶዎች ሰበሰበች። ሰሌዳው የታወቀ መጠን ስላለው የዓሣዎቹን ርዝመት ከፎቶ ላይ መለካት ተቻለ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ታተመ። በፎቶዎቹ ላይ ያለው የዓሣ አማካይ ክብደት ከ19.9 ኪሎ ወደ 2.3 ኪሎ ወርዷል። በመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ላይ ከሰው የሚበልጡ ግሩፐሮችና ሻርኮች ተሰቅለዋል። በመጨረሻዎቹ ላይ ያሉት በአንድ እጅ የሚያዙ ትንንሽ ስናፐሮች ናቸው።

እኔን ያስደነገጠኝ ቁጥሩ ብቻ አይደለም። የሰዎቹ ፊት ነው። በ1950ዎቹም ይስቃሉ፣ በ2007ም ይስቃሉ። የጉዞው ዋጋም ከዓሣው ጋር አብሮ አልወረደም። እያንዳንዱ ትውልድ የሚያውቀው እሱ ሲጀምር ያገኘውን ነው፤ ያንን «ልክ» አድርጎ ይወስዳል። ዳንኤል ፖሊ የተባለው የዓሣ ሀብት ሳይንቲስት ይህንን ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1995 በአጭር ጽሑፍ አንስቶት ነበር። መነሻችን ራሱ እየተንሸራተተ ከሄደ የጠፋውን ነገር መጥፋቱን እንኳ አናውቅም። አያቱ ስለ ትልቅ ዓሣ ሲያወራ የልጅ ልጁ ተረት ይመስለዋል።

የዳርና የጥልቁ ልዩነት ለምን ከባድ ጉዳይ እንደሆነ ደግሞ ካናዳ በደንብ ታይቷል። ኒውፋውንድላንድ ለዘመናት በኮድ ዓሣ የኖረ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ውስጥ በትንንሽ ጀልባ ዳር ዳር የሚያጠምዱት ሰዎች ዓሣው እያነሰ፣ ቁጥሩም እየቀነሰ ነው ብለው ይጮኹ ነበር። ጥልቁ ባሕር ላይ የነበሩት ትልልቅ መርከቦች ግን በሰዓት የሚይዙት መጠን አልወረደም። የተረፈው ዓሣ የተሰበሰበበትን ቦታ ፈልገው የማግኘት አቅም ነበራቸው። ባለሥልጣናቱና ተመራማሪዎቹ ለመርከቦቹ ቁጥር ብዙ ክብደት ሰጡ። በሐምሌ 1992 እ.ኤ.አ. መንግሥት የኮድ ማጥመድን በአንድ ቀን ዘጋው። 30,000 ያህል ሰው ሥራ አጣ። ዳር ላይ መንጠቆና ወጥመድ ይዞ የቆመው ሰው አስቀድሞ አይቶት ነበር። ዓሣው ወደ እሱ መምጣት ያቆመው ቀድሞ ነውና።

በተቃራኒውም ይሆናል፤ ይህንንም መናገር ተገቢ ነው። የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ሬድ ስናፐር ለዓመታት አልቋል ተብሎ በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ የሆነ ትልቅ ቆጠራ ግን ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ዕድሜ ያላቸው ስናፐሮች 110 ሚሊዮን ያህል እንደሆኑ ገመተ፤ ከቀድሞው ግምት ሦስት እጥፍ ገደማ። ብዙዎቹ የተገኙት ጀልባዎች በማይደርሱበት፣ ድንጋይም የሰመጠ ብረትም በሌለበት ሜዳ የባሕር ወለል ላይ ነው። አጥማጅ ዓሣ ያለበትን ቦታ ነው የሚያውቀው። ስለሌላው ቦታ የያዘው ዓሣ ምንም አይናገርም። ስለዚህ ወሬው ጥሩም ሆነ መጥፎ፣ የጀልባ ዘገባ ብቻውን ተይዞ ስለ ባሕሩ ፍርድ አይሰጥም።

አንድ ነገር ልጨምር። ዘገባው የሚቆጥረው የተወሰደውን ዓሣ ነው። የተመለሰውንስ? ስናፐር ከጥልቅ በፍጥነት ሲወጣ ሆዱ ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት ያብጣል። ዓይኑ ይወጣል፤ ጨጓራው በአፉ በኩል ይገለበጣል። ትንሽ ነው ተብሎ ወደ ባሕር ቢወረወርም መስመጥ ስለማይችል ተንሳፍፎ ይቀራል፤ ወፍ ወይ ዶልፊን ይበላዋል። በዚህ ምክንያት በጥር 2022 እ.ኤ.አ. በባሕረ ሰላጤው የፌዴራል ውኃ ላይ እንደ ስናፐርና ግሩፐር ያለ የሬፍ ዓሣ የሚያጠምድ ጀልባ ሁሉ ዓሣውን ወደ ጥልቁ የሚመልስ መሣሪያ ወይም አየሩን የሚያስተነፍስ መርፌ አዘጋጅቶ እንዲይዝ ታዞ ነበር። ፎቶው ላይ እነዚህ የሞቱ ዓሣዎች የሉም።

ይህን ሁሉ ይዘን ወደ ቤታችን እንምጣ።

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደውን መንገድ የሄደ ሁሉ ሐይቅ ከተማን ያውቃታል። ሎጎ ሐይቅ ከከተማዋ አጠገብ ነው። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱ ደግሞ በጥልቁ ቦታ ከ80 ሜትር በላይ ነው። አብዛኛው ሰው የሚያውቀው በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ በመሠረቱት በእስጢፋኖስ ገዳም ነው። ከእሱ ከፍ ብሎ አርዲቦ አለ፤ ከአርዲቦ የሚወጣው የአንከርካ ወንዝ ሎጎ ሐይቅ ይገባል። ከሎጎ ሐይቅ ግን ወደ ውጭ የሚፈስ ወንዝ የለም። የገባው ሁሉ እዚያው ይቀራል፤ አፈሩም፣ ማዳበሪያውም፣ ቆሻሻውም።

ዛሬ የሐይቅ ዓሣ ስንል ብዙ ጊዜ የምናስበው ቆሮሶን ነው። ቆሮሶ ግን ለሐይቁ እንግዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በሰው እጅ የተለቀቀ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ዋናው ትልቅ ዓሣ አምባዛ ነው። ካርፕም በኋላ የገባ ነው። የቆሮሶው መግባት ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆኗል፤ ይህን ማንም አይክድም። ውኃው ላይ ግን ለውጥ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ተመራማሪዎች ነጭ ሰሃን በገመድ አስረው ወደ ሐይቁ ሲያወርዱ እስከ 9 ሜትር ገደማ ድረስ ይታያቸው ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በታተመ ጥናት ግን ሰሃኑ 2 ሜትር ሳይሞላ ከዓይን ይሰወር ነበር። ውኃው በአረንጓዴ ደቂቅ ዕፅዋት ተሞልቷል። ከተሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ ቆሮሶው እነዚያን ዕፅዋት የሚበሉትን ጥቃቅን እንስሳት በልቶ ጨረሰ የሚል ነው። አንድ ዓሣ መጨመር የሐይቁን ቀለም ሊለውጥ ይችላል ማለት ነው። ዓሣ መቀነስም እንዲሁ ነገር እንደሚለውጥ መገመት አያቅትም።

እዚህ ሐይቅ ላይ ዳርና ጥልቅ የሚለው ነገር ከባሕሩ የተለየ ትርጉም አለው። ባሕር ላይ ከዳር መራቅ አዲስ የዓሣ ቦታ ማግኘት ነው። ሎጎ ሐይቅ ላይ መራቅ ያን ያህል አይጠቅምም። ሐይቁ ጥልቅ ስለሆነ ውኃው ይደራረባል፤ የላይኛው ሞቃቱ ከታችኛው ቀዝቃዛው ጋር በቀላሉ አይቀላቀልም። ታች ኦክስጅን የለም። ኦክስጅን በሌለበት ዓሣ አይኖርም። ስለዚህ ከላይ ሲታይ ሰፊ የሚመስለው ውኃ ለዓሣ የሚሆነው ቀጭኑ የላይኛው ክፍልና ዳር ዳሩ ነው። ቆሮሶ የሚራባው ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ነው። ጫጩቱ የሚደበቀውም ቄጠማና ሣር ባለበት ዳር ነው። ዳሩ ከታረሰ፣ ቄጠማው ከታጨደ፣ ጠባብ ዓይን ያለው መረብ ዳር ዳሩን ከተዘረጋ፣ መሃሉ ዓሣ ይዞ ይጠብቀናል ማለት አይቻልም። ኒውፋውንድላንድ መርከቦቹ ለጊዜው የሚሸሹበት ጥልቅ ነበራቸው። እኛ እሱም የለንም።

ጠዋት መረብ ሲወጣ ቆሞ ማየት ብዙ ያስተምራል። አስጋሪው መረቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዓሣውን አንድ በአንድ ያላቅቃል። ክሩ የገባው ጉንጩ ሥር፣ መተንፈሻው ላይ ነው። ወደ ፊት ቢገፋው አይወጣም፤ ወደ ኋላ ቢጎትተው መተንፈሻው ይቀደዳል። አንዳንዷ ዓሣ ስትላቀቅ አፏን ትከፍትና ቢጫ እንቁላል ወይም ዓይን ብቻ የሚመስሉ ጫጩቶች ታንኳው ወለል ላይ ይፈሳሉ። ሴቷ ቆሮሶ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ነው የምትፈለፍለው። ጫጩቶቹ ከወጡም በኋላ አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። በዚያ ጊዜ እሷ ብዙም አትበላም፤ ዳር ላይ ቆማ ትጠብቃለች። በዚያ ሰዓት አንዲት እናት መያዝ ማለት አንድ ዓሣ ከመያዝ የሚበልጥ ነገር ነው። በዘገባ ላይ ግን አንድ ተብላ ነው የምትቆጠረው።

መረቡ ሌላም ነገር ያደርጋል። የመረብ ዓይን የተወሰነ መጠን ያለውን ዓሣ ብቻ ይመርጣል። ከዓይኑ ያነሰው ያልፋል፣ በጣም የገዘፈው ይነጥራል። ትልልቁ ሲያልቅ አስጋሪው ጠበብ ያለ ዓይን ያለው መረብ ይገዛል። ለጥቂት ጊዜ የሚያወጣው ዓሣ እንደገና ይበዛል። ከዚያ እሱም ያንሳል። ቆሮሶ ራሱም ይላመዳል፤ ትልቅ ለመሆን ጊዜ የማያገኝ ዓሣ ገና በትንሽነቱ መራባት ይጀምራል። ሐይቁ በዓሣ የተሞላ ይመስላል፤ ግን ትንንሽ ዓሣ ነው። በኪሎ ሲመዘን ኪሎው ላይ ይደርሳል። ድሮ ኪሎውን የሚሞሉት ስንት ነበሩ፣ ዛሬ ስንት ናቸው የሚለውን የሚመዘግብ ግን የለም። ሻጮቹን ብትጠይቁ ወዲያው ይነግሯችኋል፤ ትልቁ ቀርቷል ይላሉ። እኔ ይህን አባባል እንደ ሽማግሌ ትዝታ አልፌው መሄድ አልፈልግም። ኒውፋውንድላንድም የዳር አጥማጆቹ ቃል እንደዚሁ ነበር የታለፈው።

ደሴና ኮምቦልቻ ያለነው ተመጋቢዎችም መጠኑን የማናይበት ምክንያት አለ። ዓሣው የሚደርሰን ተቆራርጦ ነው። ፊሌቶ ከሆነ ቆዳውም ራሱም የለም። ጉላሽ ከሆነ በስጎ ተሸፍኗል። ዱለት ከሆነማ ተከትክቷል። ከአንድ ትልቅ ዓሣ የወጣ ይሁን ከአምስት ትንንሾች፣ ሳህኑ ላይ ልዩነቱ አይታይም። ሙሉ ጥብስ የሚያዝ ሰው ብቻ ነው የሐይቁን ሁኔታ ዓይኑ ሥር የሚያገኘው። እኔ ሙሉ ጥብስ ሳዝዝ ርዝመቱን በስንዝር የመለካት ልማድ አምጥቻለሁ፤ አብረውኝ የሚበሉት ታግሰውኛል።

ፍላጎቱ ደግሞ እኩል አይከፋፈልም። በሁዳዴ ዓሣ ቤቶች ይሞላሉ። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለው ክርክር እንዳለ ሆኖ በጾም ዓሣ የሚበላ ሰው ብዙ ነው። ፍልሰታ ደግሞ ክረምት ውስጥ ይውላል። ክረምት አምባዛ ለመራባት ከመሃል ወጥቶ ውኃ ወዳጥለቀለቀው ዳርና ወደ ወንዝ አፍ የሚመጣበት ጊዜ ነው። በዚያ ሰዓት እሱን መያዝ ቀላል ነው፤ በጦርም፣ በዱላም ይያዛል። በቀላሉ የተያዘ ዓሣ ደግሞ ሐይቁ ሞልቷል የሚል ስሜት ይሰጣል። ያ ግን ዓመቱን ሙሉ የተበተነው ዓሣ ለጥቂት ሳምንት አንድ ቦታ መሰብሰቡ ነው።

ይህ ስጋት ብቻ አይደለም፤ በክልላችን የሆነ ነገር ነው። ጣና ላይ በሞተር ጀልባና በመረብ ማስገር የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ነው። ጣና ሌላ ቦታ የማይገኙ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉት። ብዙዎቹ በክረምት ለመራባት ወደ ወንዞቹ ይወጣሉ። አስጋሪዎችም መረባቸውን የወንዙ አፍ ላይ ዘርግተው ይጠብቋቸው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት አሥር ዓመታት የእነዚህ ዓሣዎች ክምችት በ75 በመቶ ያህል እንደወረደ ጥናት አሳይቷል። ጣና ከሎጎ ሐይቅ ከመቶ እጥፍ በላይ ይሰፋል። ያን ያህል ውኃ በአሥር ዓመት እንደዚያ ከሆነ፣ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ምን ያህል እንደሚታገሥ ማሰብ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሕግ የለም ማለት አይቻልም። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። ሕጉ ግን ልክ ካልተያዘ ምን ላይ ቆሞ ይከራከራል? የመረብ ዓይን ይስፋ ሲባል አስጋሪው ለምን ብሎ ይጠይቃል፤ ትክክልም ነው። የራሱን ዓሣ የሦስት ዓመት ልኬት ብታሳዩት ግን ክርክሩ ሌላ ይሆናል።

ስለዚህ እኔ የምለው ትንሽ ነገር ነው። ሐይቅ ዳር ዓሣ የሚወርድበት ቦታ ላይ አንድ መስመር የተሠመረበት ጣውላና አንድ ደብተር ይቀመጥ። በሳምንት ሁለት ጠዋት ይበቃል። ከወጣው ዓሣ ላይ ሳይመርጡ ሃያ ያህል ወስዶ ርዝመታቸውን መጻፍ። መረቡ ስንት ሰዓት ውኃ ውስጥ እንዳደረ፣ ዓይኑ ምን ያህል እንደሆነ፣ ዳር ነው መሃል የተጣለው፣ ስንት መረብ ነበር የሚለውን መጻፍ። በአፏ ጫጩት የያዘች ስትገኝ ምልክት ማድረግ። አርዲቦ ላይም እንዲሁ፤ ሁለቱን ማወዳደር በራሱ ትምህርት ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ላይ ነው ያለው፤ መምህራኑ ሐይቁን ያጠናሉ። ጥናት ግን መጥቶ ይሄዳል። ደብተሩ እዚያው ካለ የአስጋሪዎች ማኅበር ጋር ቢቀር ይሻላል። መጻፍ የሚችል፣ የአስጋሪ ልጅ የሆነ፣ ለጠዋቱ ድካም የሚከፈለው አንድ ወጣት ይበቃዋል።

እዚህ ላይ የአሜሪካኖቹ ስህተት ይጠቅመናል። ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የባሕረ ሰላጤው ቻርተር ጀልባዎች እያንዳንዱን ጉዞ በኤሌክትሮኒክ እንዲያሳውቁ ታዘዙ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ጀልባው የት እንዳለ ያለማቋረጥ የሚከታተል መሣሪያ በካፒቴኑ ወጪ እንዲገጠም አብሮ ተደነገገ። ካፒቴኖቹ ፍርድ ቤት ሄዱ። በየካቲት 2023 እ.ኤ.አ. ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ደንቡን ሻረው። መከታተያው ከነሪፖርቱ ቀረ። አጥማጅ የሚያጠምድበትን ቦታ ምስጢሩ አድርጎ ነው የሚይዘው፤ የትም አገር እንዲሁ ነው። የኛው ደብተርም አስጋሪውን ለመቅጣት የሚያገለግል ከሆነ በመጀመሪያው ሳምንት ውሸት ይጻፍበታል። ዳር ወይ መሃል ማለት ይበቃል፤ ቦታውን መጠየቅ አያስፈልግም። ግብር ሰብሳቢም ደንብ አስከባሪም እጁን እንዳያስገባበት ከመጀመሪያው መስማማት ያስፈልጋል።

አስጋሪው ደሃ ነው፣ ዛሬ ያልያዘውን ዛሬ አይበላም የሚለው መከራከሪያ ከባድ ነው። ጦርነቱ በ2014 ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ ከሄደ በኋላ የሥራ ነገር ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሥራ ያጣ ወጣት መረብ ገዝቶ ቢወጣ ማን ይከለክለዋል? ለዚህ ነው ወዲያው ዝጉ ማለት የማይዋጥልኝ። ቁጥር ሳይኖር የሚመጣ እገዳ ትንሹን መንጠቆ የያዘውን ሰው ነው የሚመታው፤ ብዙ መረብ ያለው በሌሊት ያወጣዋል። ቁጥር ካለ ግን ከሙሉ እገዳ በፊት የሚሞከሩ ነገሮች አሉ። ጫጩት የሚበዛበትን ዳር ለጥቂት ሳምንት ብቻ መተው፣ የወንዙን አፍ በክረምት ነጻ ማድረግ፣ የመረብ ዓይንን ደረጃ በደረጃ ማስፋት።

የቻርተር ጉዞ ለሐይቅ ይሆናል ወይ ብለው የሚጠይቁ አሉ። በሳምንት መጨረሻ ከደሴ ሄዶ በጀልባ የሚዝናናው ሰው አለና፣ መንጠቆ ቢሰጠው ከፍሎ ያጠምዳል ነው ሐሳቡ። ሊሆን ይችላል። በመንጠቆ የተያዘ ቆሮሶ በጥንቃቄ ከተላቀቀ ወደ ውኃው ቢመለስ በሕይወት የመቆየት ዕድል አለው። መረብ መተንፈሻውን የቀደደው ግን ዕድሉ ትንሽ ነው። እንግዳው የሚከፍለው ለዓሣው ሥጋ ሳይሆን ለሰዓቱ ስለሆነ አንድ ዓሣ ከአንድ ጊዜ በላይ ገቢ ሊያመጣ ይችላል። ነገር ግን በኔ እምነት ይህ ከደብተሩ በኋላ የሚመጣ ነው፤ ጀልባውንም መያዝ ያለባቸው አሁን መረብ የሚጥሉት ሰዎች ናቸው። እንግዳው ፎቶ ሲነሳ ዓሣውን መስመር የተሠመረበት ጣውላ ላይ ያስተኛው፤ ቀኑም ከጎኑ ይጻፍበት። ያ ፎቶ ከሃምሳ ዓመት በኋላም ይለካል።